ግጥሙ ወጥቶ ዜማው ሲቀር፦ ዳግም የታተመ የጃዝ ሸክላ ቱሉ ዲምቱ ላይ እንዴት ይሰማል

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ከውጭ ዘመድ የሸክላ ማጫወቻ አምጥቶለት፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቢሰካው ዘፈኑ ሁሉ ሙሾ የሆነበት ነው። ሌላው ማጫወቻው ደህና የሚሠራለት፣ ግን የጃዝ ሸክላ አስቀምጦ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳይደርስ «ይሄማ የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ነው» ብሎ መርፌውን የሚያነሳው ነው። የመጀመሪያው ሰው ችግር የመብራት ነው፤ የሁለተኛው የጆሮ። ሁለቱም ይስተካከላሉ።

እኔ እንጀራዬን የበላሁት በድምፅ ሥራ ነው። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ኬብል ስጎትት፣ ሚክሰር ላይ ሳመሽ፣ ሙሽሮቹ ደጅ ደርሰው ሞንታርቦው ሲቃጠል በብየዳ ሳስነሳ ነው የኖርኩት። አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሰው አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። ከአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ስለማልርቅ ሲኖትራክ በደጄ ያልፋል፤ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እንዲህ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰው ነው። ቦሌ ቪላ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ላላችሁ ግማሹ አያስፈልጋችሁም።

ምሳሌ የማደርጋቸው ሁለት አልበሞች ናቸው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። አንደኛው በ1972 አትላንቲክ ያወጣው የራሳን ሮላንድ ከርክ «ብላክነስ» ነው። ሁለተኛው የግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» ነው፤ የወጣው ክሪድ ቴይለር ባቋቋመው ኩዱ በተባለ ማሳተሚያ ነው። ሁለቱም ሰዎች ሳክስፎን ተጫዋቾች ናቸው። ሁለቱም የቢል ዊዘርስን «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» እና የማርቪን ጌይን «መርሲ መርሲ ሚ» ያለ ዘፋኝ ተጫውተዋል። ዋናዎቹ ዘፈኖች የወጡት በ1971 ነው፤ እነዚህ ሁለቱም የቀረጹት በዚያው በ1971 ነው። ማለትም ዘፈኑ ገና ከሰው አፍ ሳይወርድ ነው ጃዞቹ የያዙት። አድማጫቸው ግጥሙን በቃሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ ዳግም የታተመውን ሸክላ ገዝቶ «ምኑ ነው የሚያስገርመው?» የሚለው ሰው የጎደለው ይሄ ብቻ ነው፤ ሳክስፎኑ የሚመልሰውን ሰምቶ የተጠየቀውን አልሰማም።

ሸክላውን ስታስመጡ

ዳግም ኅትመት ሁሉ አንድ አይደለም። ሽፋኑ ላይ «180 ግራም» የሚል ወርቃማ ስቲከር አይታችሁ አትደለሉ። ክብደቱ ሸክላው ቶሎ እንዳይጣመም ይረዳ ይሆናል እንጂ ድምፁን የሚወስነው ከምን እንደተገለበጠና ማን እንደቆረጠው፣ ማለትም ለማተሚያው የድምፁን መስመር ማን እንደጫረው ነው። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የቆራጩ ባለሙያ ስም ተጽፎ ከሆነ፣ ከዋናው ቴፕ መሠራቱ ከተገለጸ ጥሩ ምልክት ነው። የማንም ስም ከሌለ፣ ማሳተሚያ ቤቱም ሰምታችሁት የማታውቁት ከሆነ ከሲዲ ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል ለዚያ ያን ያህል ዶላር አታስወጡ።

ዘፈኑ አልቆ ሌብሉ (መሃል ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት) ከመጀመሩ በፊት ያለውን ለስላሳ ቦታ ደግሞ መብራት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። እዚያ በመርፌ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የግሮቨር አልበም የተቀረጸው ኒው ጀርዚ፣ ኢንግልውድ ክሊፍስ በነበረው የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ነው፤ ሰውዬው ራሱ የቆረጣቸው ሸክላዎች ላይ ስሙ ተመትቶ ይገኛል። በ2016 ስላረፈ አዲስ የተቆረጠ ኅትመት ላይ ማኅተሙን አትፈልጉ። ባይኖር መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ያለበት የድሮ ሸክላ ግን በአሮጌ ዋጋ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፣ ክፈሉ።

ሸክላውን የሚያመጣው ዘመድ ሻንጣው መሃል፣ በልብስ መካከል አድርጎ፣ ሸክላውን ከካርቶን ሽፋኑ አውጥቶ በውስጥ ወረቀቱ ብቻ ከሽፋኑ ጀርባ እንዲያስቀምጠው ንገሩት። ሻንጣ ሲወረወር ሸክላው ራሱ ነው የሽፋኑን ጠርዝ የሚቀደው። ከኤርፖርት ሲወጣ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትቶት ቡና አይጠጣ። ተጣሞ ከደረሰ በኋላ ማቃናቱ ከባድ ነው።

ማጫወቻው ለምን ያለቅሳል?

ጥገና ከሚመጡልኝ ማጫወቻዎች መካከል ብዙዎቹ ምንም ያልተበላሹ ናቸው። «ዘፈኑን ያጓትተዋል» ብለው ያመጡታል። ገልብጬ ጀርባውን አነባለሁ፤ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ነው። ባለቤቱ አስተዋይ ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዝቶ 220ውን ወደ 110 አውርዶታል። ትራንስፎርመር ግን የሚያወርደው ቮልቴጁን ብቻ ነው። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአሜሪካው 60፤ ይህን ትራንስፎርመር አይነካውም። የድሮዎቹ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ምልልስ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 27.8 ብቻ ይዞራል። ድምፁ ከ3 ሴሚቶን በላይ ይወርዳል (አንድ ሴሚቶን ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)፤ 3 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይሆናል። አልቶ ሳክስፎኑ ቴነር ይመስላል፣ ዘፋኟ ጎረምሳ ትሆናለች።

ይህ ሲገጥማችሁ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሸጦ መገላገል ነው፤ ሞተሩ በዲሲ የሚሠራ፣ አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የተጻፈበት ማጫወቻ ካገኛችሁ ፍጥነቱ ከመብራቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ሁለተኛው፣ ማጫወቻው በቀበቶ የሚዞር ከሆነ፣ ለ50 ኸርዝ የተሠራውን ፑሊ (ሞተሩ ላይ ያለውን፣ ቀበቶው የሚያርፍበትን ትንሽ መዘውር) ፈልጎ ማስመጣት ነው። ሦስተኛው እኔ የምወደው ነው፤ ፑሊውን ነቅላችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ዲያሜትሩ በ20 ከመቶ ገደማ የሚበልጥ ከነሐስ ያስቆርጡላችኋል። «ገደማ» ያልኩት ቀበቶው የራሱ ውፍረት ስላለው ሒሳቡ ልክ አይመጣም። ትንሽ አስበልጣችሁ አስቆርጡና እየሞከራችሁ አስሞርዱት፤ ፑሊ ሲተልቅ ሸክላው ይፈጥናል፣ ሲሞረድ ይዘገያል። ቶርኖ ሠራተኛው ቀልድ እንዳይመስለው ግን ቀድማችሁ አስረዱት። 10 ሚሊሜትር በሆነ ፑሊ ላይ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስህተት ድምፁን የሴሚቶን አንድ ስድስተኛ ያህል ያዛባዋል። ለቤት በር ማጠፊያ በለመደው ዓይን ከሠራው ክራር አብሮት ሊቃኝ አይችልም።

ፍጥነቱን የምታረጋግጡት በስትሮብ ወረቀት ነው። ለ50 ኸርዝ 180 ጭረት ያለበትን አትማችሁ ሸክላው ቦታ ላይ አድርጉትና በድሮው ባለ ክር አምፖል እዩት፤ ጭረቶቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። ባለ 216 ጭረቱ የአሜሪካ ስለሆነ እዚህ ያሳስታችኋል። የኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ በደንብ ስለማይርገበገቡ አያሳዩም። አምፖል ካጣችሁ ስልክ ላይ የሚጫን አፕሊኬሽን አለ፤ ስልኩን መሃል ላይ አስተኝታችሁ አዙሩት፣ ቁጥሩን ይነግራችኋል።

ምጣድ፣ መብራትና ሲኖትራክ

ቅዳሜ ጠዋት ሸክላ አታጫውቱ። ሕንፃው ሙሉ እንጀራ ይጋግራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ አምስት ቤት ባንድ ጊዜ ሲለኩስ የእኔ ቮልት መለኪያ ቁልቁል ሲወርድ አየዋለሁ። አምፕሊፋየሩ ባሱን ያጣል፣ ስታቢላይዘሩ ደግሞ ታክ ታክ እያለ ሲቀያይር ያ ድምፅ በስፒከር ይወጣል። ከታች ያሉትን እማማ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቼ «እማማ፣ ጋግረው ሲጨርሱ ይንገሩኝ እስቲ» ብላቸው «አንተ ደግሞ ዘፈንህን ስትጨርስ ንገረኝ፤ እኔም መተኛት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሰዓት ተከፋፍለናል። ስታቢላይዘር ካላችሁ ከማጫወቻው ራቅ አድርጋችሁ፣ በተለይ ከመርፌው ገመድ አርቃችሁ አስቀምጡት።

መብራት ሸክላው መሃል ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ክንዱን በማንሻው አንሱ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው የሚያቃጥለው። ተመልሶ ሲረጋ ስካው። መርፌው ሸክላው ላይ ቆሞ መቆየቱ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ በጨለማ ስትዳብሱ ክንዱን ገፍታችሁ ከዳር እስከ ዳር መጫራችሁ ነው ጉዳቱ።

ከስፒከሩ «ኡኡኡ» የሚል ዝግ ያለ ጩኸት ከሰማችሁ የግራውንድ ጉዳይ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ የምትወጣ ቀጭን ገመድ አለች፤ ጫፏ ሹካ የመሰለችው። አምፕሊፋየሩ ላይ ግራውንድ የሚል ብሎን ይኖራል፣ እሱ ላይ እሰሯት። የውኃ ቧንቧ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ተዉት፣ የእኛ ቧንቧ ዛሬ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት በነበረበት ሕንፃም ማን ምን እንዳሰረበት አታውቁም።

አምፕሊፋየሩ ፎኖ የሚባለው የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ከሌለው ትንሽዬ የፎኖ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ግዙ። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። «ድምፁ ካነሰ ሚክሰሩ ላይ ማይክ መግቢያ እሰካዋለሁ» የሚሉ የሰርግ ቤት ባልደረቦቼ አሉ። ይጮኻል፣ ግን ዘፈን አይሆንም። ሸክላ ሲቆረጥ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ አለዚያ ባሱ መስመሩን ሁሉ ይበላዋል። ፎኖው ነው መልሶ የሚያስተካክለው። ማይክ መግቢያው ይህን ስለማያውቅ ከበሮው ቆርቆሮ ይሆንባችኋል።

ስለ ንዝረት። ሲኖትራክ ሲያልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆች ሲሮጡም እንዲሁ። ማጫወቻውን ስፒከሩ ካለበት ጠረጴዛ ለዩት፤ ከክፍሉ መሃል አርቃችሁ ኮለኑ አጠገብ አድርጉት። የኩሽና እብነበረድ የሚቆርጡ ሰዎች ጋ ሂዱና ቁራጭ ጠይቁ፤ የማይፈልጉትን በርካሽ ይሰጧችኋል። ሁለት የቴኒስ ኳስ ለሁለት ከፍላችሁ አራቱን ግማሾች ከእብነበረዱ ሥር አድርጉ፣ ማጫወቻውን ከላይ። ውድ ዕቃ ከውጭ አታስመጡ።

ለመርፌው ክብደት ደግሞ የወርቅ ሚዛን ይበቃል፤ በግራም ከመቶኛ የሚያነበውን ትንሹን። የመርፌው አምራች ስንት እንዳለ አንብባችሁ ያንኑ አድርጉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ የሚሸጡ መርፌዎች 2 ግራም አካባቢ ይፈልጋሉ። እንዳይዘል ብሎ ጫፉ ላይ ሳንቲም መለጠፍ የድሮ ቡና ቤት ልማድ ነው፤ ሸክላውን ያርሰዋል።

አቧራውን በአጭሩ ልበል፤ ማለቂያ የለውም። ከማጫወታችሁ በፊትም በኋላም በካርቦን ብሩሽ ጥረጉ፣ ክዳኑን ዝጉ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሸክላው ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አቧራውን ይጠራል። ሲብስ በተጣራ ውኃና ባንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና አጥባችሁ በተጣራው ውኃ ብቻ አለቅልቁ፤ ሌብሉን አታርጥቡት። የተጣራውን ውኃ ለመግዛት ነዳጅ ማደያ «የባትሪ ውኃ» ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አጣሩ። ከአያት የተወረሰ ባለ 78 (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮ) ሸክላ ካላችሁ አልኮል አታስነኩት፤ ይሟሟል። አቁማችሁ ደርድሩ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡ።

አሁን ጆሮው

ከፈረንጁ አትጀምሩ። ከምታውቁት ጀምሩ። እኛ አገር ያለ ዘፋኝ፣ በመሳሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ሞልቷል፤ በሬዲዮ ፕሮግራምና በፕሮግራም መሃል ስንሰማው ያደግነው ነው። የዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» በ2014 በሸክላ ዳግም ታትሟል፤ እሱን ካገኛችሁ መልካም ነው። ካላገኛችሁ ማንኛውም በሳክስፎን ወይም በኪቦርድ የተሠራ ትዝታ ይበቃል። አስቀምጡትና ግጥሙን በልባችሁ አብራችሁ ዝፈኑ። ሳክስፎኑ እናንተ ስንኙን ስትጨርሱ አይጨርስም። መጨረሻው ቃል ላይ ይጎትታል፣ አንዳንዴ ቃሉን ይውጠዋል፣ አንዳንዴ እናንተ ትንፋሽ በምትወስዱበት ቦታ ላይ እሱ ይገባል። ያ ልዩነት ነው የሚሰማው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ቀረርቶን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣም ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ ቃሉ ወጣ፣ ፉከራው ግን አልወጣም። ማንም ኢትዮጵያዊ ያንን ሰምቶ «የሎቢ ሙዚቃ» አይልም፤ ምን እየተባለ እንደሆነ ያውቃልና።

ይህ ጆሮ ሲገኝ ወደ ዋናው ዘፈን ሂዱ። ወደ ጃዙ አይደለም፤ ወደ ዋናው ዘፈን። የቢል ዊዘርስን «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» በስልካችሁ ፈልጋችሁ አዳምጡ፤ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ዊዘርስ በዚያን ጊዜ ለአውሮፕላን የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ እሷ ስትሄድ ፀሐይ የለም፣ ቤቱም ቤት አይደለም። መሃሉ ላይ ግን አንዲትን ሐረግ ይይዝና 26 ጊዜ ይደጋግማታል፤ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያለ። ቁጥሩን ራሳችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ ለጆሮ ጥሩ ልምምድ ነው። እስክትጠግቡት ስሙት። ልብስ ስታጥቡም፣ ታክሲ ስትጠብቁም ስሙት። ሳታውቁት ማንጎራጎር ስትጀምሩ ሸክላው ጊዜው ደርሷል።

የማርቪን ጌይ «መርሲ መርሲ ሚ» ደግሞ ስለ ተበከለ ዓለም ነው፤ ባሕር ላይ ስለፈሰሰ ዘይት፣ ዓሣ ውስጥ ስለገባ መርዝ፣ ስለጠፋው ሰማያዊ ሰማይ። ዜማው ግን እንዲህ የሚያለሳልስ ነው፤ ግጥሙን ያላጣራ ሰው የፍቅር ዘፈን ይመስለዋል። ከአቃቂ ወንዝ አቅራቢያ ለምንኖር፣ የፋብሪካ ውኃ በወንዙ ሲወርድ ቀለሙንም ሽታውንም ለምናውቅ፣ ዘፈኑን ማንም ማስተርጎም አያስፈልገውም። ቃሉን አንዴ ካወቃችሁ በኋላ ሳክስፎኑ ያንን ለስላሳ ዜማ ሲጫወት ሌላ ነገር ነው የሚሰማችሁ።

አሁን «ብላክነስ»ን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ዘፈን «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ነው። ከርክ ዓይነ ስውር ነበር፤ ሁለትና ሦስት መሳሪያ ባንድ አፍ ይዞ በመጫወት ይታወቃል። እዚህ ግን የያዘው ፍሉት ነው፤ እየነፋም በጉሮሮው ያጉረመርምበታል። ትንፋሹና ድምፁ ተደባልቀው ይወጣሉ። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ሲያንጎራጉርበት የሰማ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ንጹሕ ኖታ የለመደ ሰው ግን «መሳሪያው ተበላሽቷል?» ይላል። አልተበላሸም። ዊዘርስ በቃል ያለውን ነው ከርክ በትንፋሽ የሚለው።

ከዚያ ከበሮውን ያዙ። ይህን አጥብቄ የምለው ነው። በዚህ አልበም ላይ ከተሳተፉት መካከል ከበሮ ላይ በርናርድ ፐርዲ፣ ጊታር ላይ ኮርኔል ዱፕሪ አሉ፤ የሶል ዘፋኞችን ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከሥር ያለው የሶል ምት ነው፣ አይናወጥም። የሚቀብጠው ከላይ ያለው ከርክ ብቻ ነው። ስትጠፉ ወደ ከበሮው ተመለሱ፤ ዘፈኑ የት እንደደረሰ እሱ ይነግራችኋል። ይህን የማያደርግ አድማጭ ነው ጃዝ «የተምታታ» የሚመስለው።

በሚቀጥለው ቀን ግሮቨርን አስቀምጡ፤ በዚያው ቀን አይደለም። ይህ አልበም በመጀመሪያ የታሰበው ለሌላ ሳክስፎን ተጫዋች፣ ለሀንክ ክሮፎርድ ነበር። እሱ ሳይገኝ ሲቀር አጃቢ ሆኖ የመጣው ግሮቨር አልቶ ሳክስፎን ይዞ በቦታው እንዲጫወት ተደረገ፤ በስሙ የወጣ የመጀመሪያው አልበምም ሆነ። ያቀነባበረው ቦብ ጄምስ ነው። ሁሉም ነገር የተለሰነ ነው፤ ቫዮሊኖቹ በቦታቸው፣ ትሩምቦኖቹ በቦታቸው። «መርሲ መርሲ ሚ»ን ከከርኩ ጋር አነጻጽሩት። ግሮቨር ዜማውን ይዳብሰዋል፤ ከርክ ያቋርጠዋል፣ ይሞግተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግሮቨርን ትወዳላችሁ፤ እንግዳ ሲመጣም የምታስቀምጡት እሱን ነው። ሎቢ የሚለው ሰውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ በኋላ በየሆቴሉ የተስፋፋው ለስላሳ ሳክስፎን ከዚህ መንገድ ነው የመጣው። ግን ግሮቨር ራሱ ያን ጊዜ እንዲህ አልለዘዘም፤ በተለይ የአልበሙ መጠሪያ በሆነው የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ባሱንና እሱን ተከተሉ። እኔ ስቆይ የምመለሰው ግን ወደ ከርክ ነው።

ልጆች ቤት ካሉ «ማይ ገርል»ን ተጠቀሙ። ከርክ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጫውቶታል፤ ዋናው የዘ ቴምፕቴሽንስ ነው። ከባሱ ቀጥሎ ጊታሩ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ያቺን መግቢያ ስሟት። አምስት ድምፅ ብቻ ናት። ክራር ያለው ሰው ትዝታ ሜጀር ላይ ቃኝቶ ከታች ወደ ላይ ቢገርፍ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ያገኛቸዋል። «ከእኛ ነው የወሰዱት» የሚል ወሬ ግን አታምጡብኝ፤ አምስት ድምፅ በዓለም ሞልቷል። ጥቅሙ ጆሯችሁ ባዕድ አገር አለመሆኑን ማወቃችሁ ነው።

ይህ ነገር የሚጠናቀቀው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ የአልበሙ መጠሪያ በሆነው ዘፈን ላይ ነው። ከርክ እዚያ የፒያኖን ጥቁር ቁልፎች ያነሳል፤ ከ88ቱ 36ቱን። ስለ ጥቁርነት ነው የሚናገረው፣ ሙዚቃውንም በእነዚያ ቁልፎች ላይ ነው የሠራው። ቤት ውስጥ የልጅ ካሲዮም ቢሆን ኪቦርድ ካለ ሸክላውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ጥቁሮቹን ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ምቱ። ሦስት ከሚሆኑት የመጀመሪያው ላይ ስትጀምሩ እንደገና ትዝታ ሜጀር ነው። ከዚያ ሸክላውን አስቀምጡና ኪቦርዱ ላይ አብራችሁት ሞክሩ፤ የፍጥነቱ ሥራ በትክክል ተሠርቶ ከሆነ ይገጥማል። ካልገጠመ ወደ ፑሊው ተመለሱ።

እዚያ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድምፁ «ስስስ» እያለ ከተሰነጠቀ አልበሙን አትውቀሱ። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት አንድ ቢሆንም መርፌው ዳር ላይ ሲሆን በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል መስመር ያነባል፤ መሃል ሲደርስ ከዚያ ግማሽ በታች ነው። ያው ሙዚቃ በትንሽ ቦታ ይታጨቃል፣ ጥቂት የተንጋደደ መርፌ እዚያ ነው የሚጋለጠው። ሁለት ነጥብና መስመሮች ያሉበትን የመርፌ ማስተካከያ ወረቀት አትማችሁ፣ ልኩን በማስመሪያ አረጋግጡ፤ ማተሚያ ቤቱ «ከገጹ ጋር አስማማው» የሚለውን ካልነካው ልኩ አይዛባም። መርፌውን ሁለቱ ነጥቦች ላይ ተራ በተራ አስቀምጣችሁ ካርትሪጁ (መርፌውን የያዘው ትንሽ ዕቃ) ከመስመሮቹ ጋር እኩል መቆሙን ከፊት ለፊት እዩ። ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ አዙሩት፣ አጥብቁት፣ ክብደቱን እንደገና በወርቅ ሚዛኑ ለኩ። አሁንም ከተሰነጠቀ መርፌው አርጅቷልና ይቀየር።